ርቀቱን አውቆ ሰዓቱን የሳተው ድረ ገጽ፦ ከቦሌ እስከ ዳለስ

ዛሬ የምገመግመው ምግብ ቤት ወይም ስልክ አይደለም፣ ድረ ገጽ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንደሱ ዓይነት ብዙ አሉ፣ ሁሉም ደግሞ የሚሠሩት ያንኑ ነው። ሁለት የኤርፖርት ስም ትጽፉለታላችሁ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትርና በማይል፣ የበረራውን ሰዓትና የሁለቱን ከተሞች የሰዓት ልዩነት ከካርታ ጋር ያወጣላችኋል። በነፃ ነው። ተመዝገቡ፣ ኢሜይል አስገቡ የሚል ጣጣ የለውም። ማስታወቂያው ትንሽ ይበዛል እንጂ ፈጣን ነው። እኔም አመንኩት። አምኜው የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት አምስት ሰዓት ተኩል ተገተርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ግንቦት ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ ስለነበር እማዬ ልታርሳት ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። ቲኬቱን የቆረጠችው እዚያ ያለችው እህቴ ናት። የላከችልኝ የቲኬቱን ፎቶ ሳይሆን የቴሌግራም ድምፅ ነው፦ «እማዬ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ከ40 ትነሳለች፣ ቀጥታ ነው፣ አውሮፕላን መቀየር የለም፣ አታስብ።» አላሰብኩም። ድረ ገጹን ከፈትኩ፣ ቦሌና ዳለስ ብዬ አስገባሁ። ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር አለኝ። 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አለኝ። የሰዓት ልዩነት 7 አለኝ።

እንግዲህ ደምሩ። ማታ 4፡40 ሲደመር 13፡20፣ በአዲስ አበባ ረቡዕ ልክ እኩለ ቀን ይሆናል። ሰባት ሲቀነስለት በዋሽንግተን ሊነጋጋ ሲል ነው፣ በፈረንጅ 5 ሰዓት። ለሊቱን ሦስት ተኩል ላይ ተነሳሁ። (በፈረንጅ ነው። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ሰዓት ስንነግራችሁ ሁልጊዜ «በማን?» ብላችሁ ጠይቁን።) ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቧ «ቲኬቱን ለምን አትጠይቃትም?» አለችኝ። «ድረ ገጹ ነግሮኛል» አልኳት። አሁን ይሄን ዓረፍተ ነገር በሳምንት ሁለት ጊዜ ትደግምልኛለች።

ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳለስ ቅርብ አይደለም። ኤርፖርቱ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ከዋሽንግተን መሃል ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ስለነበር ለአምስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ደረስኩ። አበባ ይዣለሁ። የመድረሻ ሰሌዳውን ሳይ 8፡40 ይላል።

ዘገየ ብዬ ደነገጥኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። አጠገቤ አንድ ትልቅ ሰው ቆመዋል፣ የታክሲ ሾፌር ናቸው፣ ዳለስን የሚያውቅ ሰው እዚያ የሀበሻ ሾፌር እንደማይጠፋ ያውቃል። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ከቦሌ የሚመጣው እኮ ደብሊን ያርፋል የኔ ልጅ። ነዳጅ ይቀዳል። አሁን ውቅያኖስ ላይ ናቸው፣ ቡናህን ጠጣ።»

«ቀጥታ ነው አሉኝ።»

«ቀጥታማ ነው! ማን ወረደ?»

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው። እኛ «ቀጥታ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል። አንዱ አውሮፕላን የማትቀይሩበት ነው፤ በመሃል አርፎ ነዳጅ ሊሞላ፣ ሠራተኛ ሊቀይር ይችላል፣ እናንተ ግን ወንበራችሁ ላይ ናችሁ። ሌላው ጭራሽ መሬት የማይነካው ነው። እህቴ አልዋሸችም። ድረ ገጹ ግን ሁለቱን አይለይም፣ ለእሱ ዓለም ላይ ያለው ሁሉ መሬት ሳይነካ ነው የሚበረው። አዳማ ላይ ኤርፖርት ቢከፈት ከዚያም ዳለስ በ13 ሰዓት ያደርሳችኋል።

ፍትሐዊ ልሁን። ርቀቱ ላይ ስህተት አላገኘሁበትም። እዚያው ቆሜ ተናድጄ ስለነበር ቤት ስገባ ላጣራው ወሰንኩ፣ አጣራሁትም። ትልቋ ልጄ ሉል አላት፣ ከእነ ማቆሚያው የምትሽከረከር። እማዬ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዘዘችልን። (ነጠላው አዲስ ነበር፣ ለልጅ ልጅ ሲሆን ግን ይመዘዛል።) ክሩን አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገን ወጠርነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ የለመደ ሰው መንገዱ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን እያለ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ነው የሚመስለው። አይደለም። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገርና ስፔንንና ፖርቱጋልን ይዞ ነው ውቅያኖሱ ላይ የሚወጣው። ልጄ «አያቴ በስፔን መጣች!» ብላ ጮኸች። አያቷ ግን አልመጣችም በስፔን።

ደብሊንስ የት ነው? ከክሩ በስተሰሜን ነው። ከቦሌ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዳለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደምሩት፣ 11,830 ይመጣል። በአየርላንድ መዞር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው! ይሄ እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ከአዲስ አበባ ጅማ እንኳ በመኪና ከዚያ ይርቃል። ለማነጻጸር በቶጎዋ ሎሜ አድርጎ ዳለስ መምጣት ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሎሜ ግን የአየር መንገዳችን የምዕራብ አፍሪካ መናኸሪያ ስለሆነች የምትሰጠው ሌላ ጥቅም አላት፣ የኒውዋርኩ በረራም በዚያው ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ችግሩ ርቀት አይደለም። ሰዓቱ ነው። ድረ ገጹ ሰዓቱን ከየት አመጣው? ገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ጽፎታል፣ እኔ ያነበብኩት ከዳለስ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ርቀቱን ለ900 ያካፍላል፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል፣ አለቀ። 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፣ ሲደመር 30፣ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነፋስ የለም። ከፍታ የለም። ጦርነት የለም።

ጦርነት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ የወጠርነው ክር የሚያልፍበት የሱዳን ሰማይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ውጊያው ከተጀመረ ወዲህ ለመንገደኛ አውሮፕላን በአብዛኛው ዝግ ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚወጣ አውሮፕላን ዞሮ ነው የሚሄደው። እማዬ የወንበሯ ፊት ያለውን ካርታ ሌሊቱን ሙሉ ስታይ ነበር፣ ፊልም አትወድም። «ቀይ ባሕርን ይዘን ነው የወጣነው፣ ግብፅን አየሁ» ብላኛለች። እሷ ከድረ ገጹ የተሻለ ታውቃለች።

ግን ዋናው ጉዳይ ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ሞተሩ የሚገፋው ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሳው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ስለዚህ ያለው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። ከምን ይቀነስ? ከሰው? ከሻንጣ? በርበሬውን ማን ያወርዳል? የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። ነዳጁ ከተቀነሰ ደግሞ ዋሽንግተን አያደርስም፣ መንገድ ላይ ወርዶ መሙላት ግድ ይሆናል። ደብሊን ባሕር አፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ዝቅ ያለች ናት፣ እዚያ አንገት ድረስ ሞልቶ ይነሳል።

ይሄን ለእማዬ በደንብ አስረዳኋት፣ በእጄ እያሳየሁ። አልተዋጠላትም። «እኛ ደጋ ነን፣ እነሱ ቆላ ናቸው። ቁልቁለት ነው እንግዲህ። ቁልቁለት እንዴት ይረዝማል?» አለች። በእግር ሲሆን ልክ ነሽ አልኳት።

ስትመለስ ነው ነገሩ ይበልጥ የለየለት። ዳለስ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሳል፣ መሬት ሳይነካ ቦሌ ድረስ ይበራል። በዚያ ላይ ላይኛው ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚሉት፣ ከኋላ ይገፋዋል። ሲመጣ ፊት ለፊት ሲታገለው የነበረው ያው ነፋስ ነው። እማዬ ረፋድ ላይ ተነስታ 13 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ገባች። ስትመጣ ወደ 17 ሰዓት፣ ስትመለስ ወደ 13። ርቀቱ ያው። ድረ ገጹን ዳለስ ቦሌ ብዬ ገልብጬ ስጠይቀው ምን ያለኝ ይመስላችኋል? 13 ሰዓት ከ20። ለመመለሻው ሳያውቅ ልክ መጣለት ማለት ነው። የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ልክ ይሆናል ይባላል አይደል።

ሌላም ሞከርኩት፣ እልህ ይዞኝ። ከቦሌ ዱባይ ወደ 2,520፣ ከቦሌ ቤን ጉሪዮን (የቴል አቪቭ ኤርፖርት) ወደ 2,590 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሁለቱንም ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም ብሎ ነው የሚያስበው። በተግባር አራት ሰዓት ግድም ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ አልቀየመውም፣ ግማሽ ሰዓት ማንንም አይገድልም። ከዚያ ረጅሙን፣ ሲንጋፖርና ኒውዮርክን አስገባሁ። 15,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መሬት ሳይነካ ከ18 ሰዓት በላይ የሚበር። እናቴ ከዚያ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያንስ መንገድ መጥታ ልዩነቱ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ሲንጋፖር ያለችው ባሕሩ አፍ ላይ ነዋ። ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሲያልቅ ይሄን ጽሑፍ መልሼ ማረም ይኖርብኛል፣ በደስታ።

የሰዓት ልዩነቱን በተመለከተ ድረ ገጹን አመሰግነዋለሁ። አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ከመጋቢት እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው፣ በብርዱ ወራት 8። ድረ ገጹ ይሄን ያውቃል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተሳስቼ አጎቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሻለሁ።

የማያውቀው የሀበሻን ሰዓት ነው። ሊያውቅም አይጠበቅበትም፣ ግን ለእኛ ሕዝብ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ቲኬት ተቆረጠላት። ወረቀቱ በ15 ቀን 00፡35 ይላል። የቆረጠላት ሰው ደግ ነበር፣ ከጎኑ በእስክርቢቶ «ሌሊት 6፡35» ብሎ ጻፈላት። ልክ ነው፣ ስድስት ሲቀነስ ወይም ሲጨመር ያው ነው። ግን በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። የ15 ሌሊት ማለት 15 ውሎ፣ መሽቶ፣ ራት ተበልቶ ያለው ሌሊት ነው። እሷም 15 ቀን ውላ፣ ቡና ተፈልቶላት፣ ተመርቃ፣ ማታ በሦስት ሰዓት ቤተሰብ በሙሉ አጅቧት ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ቤይሩት ገብቷል፣ ከተነሳም ሃያ ሰዓት አልፎታል። ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰችበትን ታክሲ እስካሁን ታስታውሰዋለች። 00 ብሎ የሚጀምር ሰዓት ቲኬት ላይ ካያችሁ፣ ኤርፖርት የምትሄዱት ከዚያ በፊት ባለው ቀን ማታ ነው። ይሄን ለእናቶቻችሁ ደውላችሁ ንገሩ።

ለማንኛውም ወደ ዳለስ ልመለስ። አውሮፕላኑ 8፡40 ላይ አረፈ። ማረፉ ደግሞ መጨረሻው አይደለም። ዳለስ ላይ ከአውሮፕላን ስትወርዱ እግር ያላት ሳሎን የምትመስል ትልቅ ተሽከርካሪ ልትጭናችሁ ትችላለች። እማዬ «ቤት ውስጥ አስገብተው ቤቱን ነዱት» ያለችው ይሄንን ነው። ከዚያ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ጉምሩክ። በየ23 ኪሎው ሁለት ሻንጣ ነበራት፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለአራሷ የአጃ እህል፣ አንድ ጀበና በጋቢ ተጠቅልሎ። 10፡15 ላይ በሩ ተከፍቶ ወጣች። አበባው ጠውልጓል። መጀመሪያ ያለችኝ ምን መሰላችሁ? «ብዙ ቆየህ እንዴ?»

በዚያ ሰዓት መንገዱ እንደ ሌሊቱ አይደለም፣ ቤት ስንገባ በፈረንጅ 11፡15 ሆኗል። እሷ ኮተቤ ካለው ቤቷ የወጣችው ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። እኛ በር ላይ ስትቆም በኮተቤ ረቡዕ ምሽት 12 ሰዓት ከሩብ ነበር። አንድ ቀን ከሩብ ሰዓት። ድረ ገጹ ያለው 13 ከ20 ነው። የቀረው ወደ 11 ሰዓት የት ሄደ ካላችሁ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ ቦሌ መግቢያ ፍተሻው ላይ፣ ደብሊን ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሰልፉ ላይ፣ እየተንሳፈፈች በምትሄደው ሳሎን ውስጥ ነው። ደብሊንን ጠየቅኳት። «በመስኮት አየኋት፣ ዝናብ ነበር፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው፣ ሳንወርድ ሄድን» አለች። በቃ፣ አየርላንድ ማለት ለእናቴ ይሄ ናት።

ነጥብ ልስጥ እንግዲህ። ለርቀቱ ከአምስት አምስት። ለሰዓት ልዩነቱ አምስት። ለበረራ ሰዓቱ ሁለት፣ እሱም ስትመለስ ስለተገጣጠመለት ነው። ማስታወቂያውን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ኪሎ ሜትር ለማወቅ፣ ልጅ የቤት ሥራ ካላት፣ ወይም «አሜሪካ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ዘመድ ለመመለስ ተጠቀሙበት። ሰው ለመቀበል ግን የቲኬቱን ፎቶ አስልኩ፤ የመድረሻው ሰዓት እዚያው ላይ ተጽፏል፣ በደረሰበት አገር ሰዓት ተሠልቶ፣ ማንም መደመር መቀነስ ሳይኖርበት። ከዚያ በተነሳበት ቀን የበረራ ቁጥሩን አስገብታችሁ የት እንደደረሰ ተከታተሉ። ካረፈ በኋላም አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩበት። ዳለስ የሚሄድ ሰው ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡርም መሄድ ይችላል፣ ሲልቨር ላይን ኤርፖርቱ ድረስ ይገባል፤ በሁለት ሻንጣና በአንድ ጀበና ግን አልመክርም።

አሁን ደግሞ አማቴ ለገና ሊመጡ ነው። የቲኬቱን ፎቶ ባለቤቴ ራሷ አስልካ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። 23፡10 ይላል። «ማታ 5፡10» ብዬ ከጎኑ ልጽፍ ስል እስክርቢቶውን ነጠቀችኝ።